የጭቃ ቤታችንን ሳናፈርስ ያደስንበት መንገድ

ግድግዳው ሆዱን የገፋ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር በሩ አልገጥም የሚል የእንጨትና የጭቃ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የእኛም ቤት እንደዚያ ነበር። ከስድስት ኪሎ ወደ አፍንጮ በር ሲወረድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ እናቴ ተወልዳ ያደገችበት፣ እኛንም ወልዳ ያሳደገችበት ቤት ነው። ዛሬ ደረቅ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ክረምቱንም ሳንሳቀቅ እናልፋለን። እዚህ ለመድረስ ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ እንቅልፍ አጥተናል። በውድ ዋጋ የተማርነውን እናንተ በነጻ እንድታገኙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የባሰበት በነሐሴ ነው። ወደ ጓሮ የሚያየው የእናቴ መኝታ ቤት ግድግዳ ከወገቡ በታች ወደ ውጭ መነፋት ጀመረ። ከላይ የተለሰነው ሲሚንቶ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ማታ ማታ ጭቃው ከግድግዳው ውስጥ እየተፈረፈረ ሲወርድ ይሰማናል። አልጋዋን ወደ ሳሎን አወጣንላት። ወንድሜ ለጊዜው እሱ ጋ ኮንዶሚኒየም እንድትቀመጥ ለመናት፤ "እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ነው" ብላ ቁርጡን ነገረችው።

ሰው ማማከር ጀመርን። መጀመሪያ የመጣው ሥራ ተቋራጭ ደጃፉ ላይ ቆሞ አየና "ይሄማ አልቆለታል፤ አፍርሳችሁ በብሎኬት ነው" አለ። ቀጥሎ የመጣው ለሳኝ ደግሞ የተላቀቀውን ሲሚንቶ ቀርፎ፣ ሽቦ መትቶ፣ እንደገና በሲሚንቶ እንደሚለስነው ነገረን። ዋጋውም ደህና ስለነበር ቤተሰቡ ግማሹ ወደዚያ አዘነበለ። ያስቆሙን የእድራችን ዳኛ ናቸው። በወጣትነታቸው የጭቃ ቤት ሲሠሩ የኖሩ አንድ አናጺ አሉ፣ እሳቸውን ሳታሳዩ እንዳትነኩት አሉን።

አዛውንቱ አናጺ ሲመጡ ያበጠውን ግድግዳ ገልመጥ አድርገው አለፉት። ቱንቢያቸውን አውጥተው የማዕዘኑን ቋሚ ለኩ፤ ከዚያ ዶማ ጠየቁ። ከግድግዳው ሥር ያለውን አፈር ክንድ ያህል ቆፍረው፣ መሬት ውስጥ በተቀበረው የቋሚ እግር ላይ መሮ ደገፍ አደረጉበት። በመዶሻ እንኳ አልመቱትም፤ መሮው ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ ሰተት ብሎ ገባ። ሲያወጡት ጫፉ ላይ ጥቁር እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ወጣ። "ልጄ፣ ላዩን ተዪው፤ በሽታው እግሩ ላይ ነው" አሉኝ።

የእንጨትና የጭቃ ቤት ትልቁ ጠላቱ ውሃ ነው። የሚያፈስ ጣሪያ ሁሉም ስለሚያየው ቶሎ ይጠገናል፤ መሬት ለመሬት የሚመጣውን ውሃ ግን የሚያስተውለው የለም። ቤታችን ሲሠራ ዙሪያው የድንጋይ ካብ ነበረው፤ ጭቃው የሚጀምረው ከመሬት ከፍ ብሎ ነው። ከጊዜ በኋላ ግቢው በጠጠር ላይ ጠጠር ተደለደለ፤ መተላለፊያው ኮብልስቶን ሲነጠፍ ደግሞ የውጩ መሬት ከእኛ ግቢ ከፍ አለ። ካቡ ተቀብሮ ጭቃው መሬት ነክቶ ቁጭ አለ። የሚዘንበው ሁሉ ወደ ግድግዳችን ነው የሚወርደው። የልብስ እጣቢም እዚያው ጥግ ነበር የሚደፋው፤ የእኛም፣ የጎረቤትም።

ሲሚንቶው ነገሩን አባባሰው። አባቴ በሕይወት እያለ ያስለሰነው ነው፤ በዚያን ጊዜ ቤትን ሲሚንቶ ማስነካት ኑሮ መሻሻሉ የሚታይበት ስለነበር ማንም አይፈርድበትም። ጭቃ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ አብሮት መላወስ ስለማይችል ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ በሲሚንቶውና በጭቃው መሃል ይቀመጥና እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ከውጭ የሚታየው ቀለም የተቀባ ያማረ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ በሲሚንቶ የተለሰነ ከሆነ መልኩን አትመኑት። በመዶሻ እጀታ ከታች እስከ ላይ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ የሰጣችሁን ቦታ በኖራ ምልክት አድርጉና እሱ ጋ ቆፍራችሁ የቋሚውን እግር እዩ። ቁርጡ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀቱ ይቅደም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ስንቱ ሰፈር እንደተነሳ አይተናል። መጀመሪያ ወረዳና ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ሰፈራችሁ ለመልሶ ማልማት የተያዘ መሆን አለመሆኑን አጣሩ፤ ነገ ለሚነሳ ቤት ጥሪታችሁን አታፍስሱ። ቀጥሎ የጥገና ፈቃድ ነው። የሕንፃ አዋጁ ያለ ፈቃድ መገንባትን ይከለክላል፤ "ጭቃ ነው የምመርገው" ማለት ከደንብ አስከባሪ አያድንም። ማመልከቻው ላይ የቤቱ ስፋትና ቅርጽ እንደማይቀየር በግልጽ ጻፉ፤ ቤቱን ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱት። በጋራ ግድግዳ ጉዳይ ከጎረቤት ጋር ቅሬታ ሲነሳ የገላገለን ያ ፎቶ ነው። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ፣ አብዛኛው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት የሆነ ቤት ስለሆነ የሚያከራያችሁን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ሳታስፈቅዱ አንድ ማገር እንዳትነቅሉ። ወጪው ከኪራዩ የሚታሰብላችሁ መሆኑንም አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል የተሰጠ ተስፋ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። አፍርሶ በብሎኬት መሥራት የሚያምራችሁም ብትሆኑ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በከተማው መሃል አዲስ ፈቃድ ሲጠየቅ የአካባቢው ፕላን የሚፈልገው የፎቅ ነገር ይመጣል፤ ያቺን ቤት አፍርሶ ያቺኑ ቤት መልሶ መሥራት እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ለእኛ ማደስን ያስመረጠን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከሥራው ሁሉ ያስደነገጠን ጭቃው የተራገፈበት ቀን ነው። አዛውንቱ "ባላ ሳይገባ አንዲት ጓል እንዳትነኩ" ብለው አስጠንቅቀው ነበር፤ ባላ ጣሪያውን ደግፎ የሚያቆም እንጨት ነው። በማግስቱ እሳቸው ሳይደርሱ በቀን የተቀጠረው ልጅ ሥራ ያፋጠነ መስሎት ከመስኮቱ ሥር ማራገፍ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ጣሪያው ሲንቋቋ ሰማን። ወንድሜ እናቴን በክንዷ ይዞ ከሳሎን አወጣት። ወራጁ ከቋሚው አናት ላይ ተንሸራትቶ፣ ቆርቆሮው ወደ ጓሮ ጋደል ብሎ ቆመ። ማንም አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አዛውንቱ መጥተው ሲያዩ አልተቆጡም፤ ልጁን ከጎናቸው አቁመው ምን እንደሆነ አስረዱት። የቋሚው እግር ከበሰበሰ በኋላ የጣሪያውን ክብደት የሚሸከመው የደረቀው ጭቃ ራሱ ነው። እሱን ስታራግፉት ቤቱ የመጨረሻ ድጋፉን ያጣል።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ ከሁሉ በፊት ባላው ይግባ። በሚነካው ግድግዳ በውስጥም በውጭም በኩል፣ ከወራጁ ሥር፣ ወፍራም ባላዎች ይቁሙ። ከእያንዳንዱ ባላ እግር ሥር ጣውላ አንጥፉ፣ አለዚያ እርጥብ መሬት ላይ ይሰምጣል። አንዱ ግድግዳ ሳያልቅ ሌላውን አትክፈቱ። በተከፈተው በኩል ሰው አይደር።

ጭቃው ሲራገፍ ማዕዘኖቹን የያዙት ቋሚዎች ከሌሎቹ ለየት ብለው ተገኙ። አዛውንቱ ጫፉን በመጋዝ ስስ አድርገው ሲቆርጡት ውስጡ ቀላ ያለ ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን ተቀብሮ ኖሮ ገና የእንጨቱ መዓዛ ቤቱን ሞላው። ጽድ ነው። የበሰበሱት በሙሉ በኋላ ዘመን በጥገና የገቡ ባህር ዛፎች ናቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤቱም ማገዶውም ከአካባቢው ደን ነበር የሚቆረጠው። እንጨቱ ከመመናመኑ የተነሳ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ቶሎ ቶሎ የሚያድገው ባህር ዛፍ መምጣቱ ነው ይባላል። የከተማዋ ታሪክ በእናቴ መኝታ ቤት ግድግዳ ውስጥ ጎን ለጎን ቆሞ ሳየው እውነት እላችኋለሁ እንባዬ መጣ። ከዚህ የምትወስዱት ቁም ነገር፣ አሮጌ ነው ብላችሁ እንጨት አትጣሉ። ቅርፊቱን ፍቃችሁ፣ ጫፉን ቆርጣችሁ እዩት። ጤነኛ ጽድ ከሆነ ዛሬ ገበያ ሄዳችሁ በምታመጡት እንጨት አትለውጡት።

የበሰበሱትን እግሮች ሁሉንም ባንዴ አልቆረጥንም፤ አንዱን ዘለን አንዱን ነው የሠራነው። ከሥር የድንጋይ መሠረት ወጣ፤ ከግቢው መሬት በላይ ግማሽ ሜትር ያህል። እዚህ ላይ ሲሚንቶ ቦታው ነው፤ ድንጋዩ በእሱ ይገነባ። በድንጋዩ ላይ ወፍራም ላስቲክ ተነጠፈ፤ በላስቲኩ ላይ አንድ ወፍራም እንጨት በአግድም ተኛና ቋሚዎቹ እሱ ላይ ተተከሉ። ላስቲኩ ድንጋዩ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት ወደ እንጨቱ እንዳያሳልፍ ነው። የተኛው እንጨት እንዳይንሸራተት ድንጋዩ ሲገነባ አብረው በተቀበሩ ብረቶች ታሰረ። ከእንግዲህ መሬት የሚነካ እንጨት የለንም።

እንጨቱን ከመርካቶ አጣና ተራ ነው ያመጣነው። ሻጩ "ትኩስ ነው፣ ዛሬ የገባ" ሲላችሁ ደስ አይበላችሁ። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ይቀጥናል፤ ምስማሩ ይላላል፣ ምርጊቱም ከማገሩ ይላቀቃል። ብትችሉ ወራት አስቀድማችሁ ግዙና ቅርፊቱን ልጣችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ በመሃሉ አየር እንዲያልፍ አራርቃችሁ ከጥላ ሥር ደርድሩት። ቅርፊቱን መላጥ ለውበት እንዳይመስላችሁ፤ ነቀዝ የሚራባው ከሥሩ ነው። እንጨት እንዳይበሰብስ የሚቀባው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ለአጥር እንጨት ይሁን፤ ለቤት ውስጥ እንጨት ሽታውም የእሳት አደጋውም አይመከርም።

የሥራው ወቅት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ዝናቡ ከወጣ በኋላ፣ በጥቅምት መጀመር ይሻላል። ምርጊት እየደረቀ ነው የሚሠራው፤ የበልጉ ዝናብ በመጋቢት ሳይደርስ የመጨረሻው እጅ ማለቅ አለበት።

ጭቃው ደስ የሚለኝ ክፍል ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ብል ይቅር በሉኝ። አፈሩ ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ የሚያጣብቅ አፈር፣ አይሁን፤ ዋልካ በደረቀ ጊዜ የሚሰነጠቀውን መንገድ ላይም ታዩታላችሁ። ቀይ አፈር ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት እፍኝ አቡክታችሁ እንደ ቂጣ ጠፍጥፉና ጥላ ውስጥ ለጥቂት ቀን አድርቁት። በጣም ከተሰነጠቀ አሸዋና ጭድ ይጨመርበት፤ በጣት ሲነኩት ከተፈረፈረ ሌላ አፈር ፈልጉ። ጭዱ የጤፍ ይሁን፣ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን አጥብቆ ይይዛል። ከተቦካ በኋላ ቢያንስ ለሳምንት ይቀመጥ፤ በየቀኑ ውሃ እያገኘ በእግር ይረገጥ። ጭዱ እየበሰበሰ ሲሄድ ሽታው ይከፋል፤ ጎረቤቶቻችንን አስቀድመን ይቅርታ ጠይቀን ነበር። ያኔ ጭቃው ይለጠጣል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ደረሰ ማለት ነው። የሰፈሩ ልጆች ሱሪያቸውን ሰብስበው ሲረግጡ፣ እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ቡና ስታፈላ፣ እጣቢ ይደፉብን የነበሩት ጎረቤታችን ሳይቀሩ "እኔም ልጅ ሆኜ ረግጫለሁ" ብለው ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ገቡበት። ከዚያ ቀን በኋላ እጣቢ ግድግዳችን ሥር ተደፍቶ አያውቅም።

የመጀመሪያው ምርጊት በሁለቱም በኩል፣ በማገሩ መሃል ተጠቅጥቆ ይገባል። ከዚያ ትዕግሥት ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ይድረቅ፣ ይሰነጠቅም፤ አትደንግጡ። ሁለተኛው እጅ ስንጥቁን እየሞላ ቀጠን ባለ ጭቃ ይመጣል። የመጨረሻው ልስን በወንፊት የተነፋ አፈር፣ ደቃቅ አሸዋና እበት ነው። ሠራተኞች አሁንም "ሲሚንቶ ካልነካው አይጠነክርም" እያሉ ያስቸግሯችኋል። እምቢ በሉ። ላዩን ኖራ ቀቡት፤ ኖራ ግድግዳውን ከዝናብ ይከላከልለታል፣ እርጥበቱንም እንዲተን ይፈቅድለታል። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ያድርጉ፤ ልጆች አይቅረቡ፤ በርሜሉ ውስጥ ከርሞ ይብረድ።

ጣሪያው ላይ ክፈፉን አስረዘምነው፤ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ማለት አለበት። አሸንዳ ገባ። ግቢው ተቆፍሮ የጠጠሩ ክምር ወጣ፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ በሚሄድ ቦይ ውሃው ወደ ውጭ ተለቀቀ። ገንዘብ ካጠራችሁና ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ዘንድሮ ማድረግ ከቻላችሁ፣ ቦዩን ቆፍሩ። ዶማና አካፋ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የኤሌክትሪክ ሽቦውን ነገር እንዳትረሱ። የእኛ አሮጌው ሽቦ በኮርኒሱ አቡጀዲ ላይ፣ በአይጥ ተበልቶ ራቁቱን ተኝቶ ነበር። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል እሳት በአሮጌ እንጨት ላይ ምን እንደሚያደርግ ከተማው ሁሉ አይቷል። ሽቦው በሙሉ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ ምጣድና ምድጃ የየራሳቸው ብሬከር ይኑራቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ደግሞ የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። በደንብ የተመረገ ቤት አየር አያስወጣም፤ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ተኝታችሁ ሳትነቁ ያስቀራችኋል። ይልቅ የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል፤ ፀሐይ እያለ መስኮቱን ክፈቱለት፣ ሲመሽ ዝጉ። እናቴ ወደ ክፍሏ ከተመለሰች ወዲህ ያን ምድጃ የጠየቀችው ለቡና ብቻ ነው።

አሁን በየዓመቱ የምናደርገው ጥቂት ነው። ግንቦት ላይ ቦዩን እንጠርጋለን፣ አሸንዳውን ከቅጠል እናጸዳለን፣ ኖራውን አንድ እጅ እንደግማለን። መስቀል ካለፈ በኋላ በቤቱ ዙሪያ ዞረን የተሰነጠቀውን እንደፍናለን፤ የተኛውን እንጨት በመሮ ጫፍ እየነካን እናያለን። ለዚህ ሥራ የሚሆን አፈር በኋላ ፍለጋ እንዳትሄዱ፣ ከምርጊቱ የተረፈውን አትድፉት፤ አድርቃችሁ በማዳበሪያ ከረጢት ከቆርቆሮው ሥር አስቀምጡት። ስንጥቁ የተመረገበትን ጭቃ ራሱን ሲያገኝ ነው ሳይለያይ የሚይዘው።